መሳለምን ከማንቀላፋት የማይለየው መኪና

እናንተዬ፣ መኪና ሲያስል፣ ዳገት ላይ ሲለግም፣ ወንዝ መሀል ሲተኛ ሁላችንም አይተናል። ሹፌሩን የሚጠረጥር መኪና የገጠመው ሰው ካለ ግን እጁን ያውጣና ከእኔ አጠገብ ይቀመጥ። እኔን ባለፈው ጥር ገጥሞኛል። ጉዴ ከደብረ ማርቆስ ተነስቶ፣ አምበርን አልፎ፣ አንዲት የገጠር ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ሬሳ አድርጎኝ ነው ያበቃው። ሬሳ ስላችሁ እያጋነንኩ አይደለም። «ነፍስ ይማር» ሲባልልኝ በገዛ ጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ነገሩ በፍቅር ነው የተጀመረው። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ከትምህርት ቤታችን ዝቅ ብሎ ባለው ፋርማሲ ስመኝ የምትባል ልጅ ትሠራለች። ምንም ሳያመኝ የራስ ምታት ክኒን ስገዛ ከረምኩ። ክኒኑ ቤቴን ሲሞላው ለባልደረቦቼ ማደል ጀመርኩ፤ የመምህራን ማረፊያ ክፍላችን ያን ጊዜ ራሱን የሚያመው ሰው የሌለበት ብቸኛ ክፍል ነበር። በመጨረሻ ስመኝ ራሷ ክኒኑን ከእጄ መልሳ ወሰደችና «መምህር፣ እስኪ የሚያምዎትን በትክክል ይንገሩኝ» አለችኝ። ነገርኳት። ከዚያ ወዲህ ክኒን መግዛት ቀረ።

ችግሩ አባቷ ላይ ነበር። ሁሉም ሰው «የኔታ» ነው የሚላቸው። ከአምበር ወጣ ብላ ባለች መንደር ቅኔ ያስተምራሉ። በወጣትነታቸው ደብረ ወርቅ፣ መርጡለ ማርያም እያሉ በእግራቸው እየዞሩ የተማሩ፣ አንድ ነገር ሲጠየቁ እንኳን ለሰው ለራሳቸውም ቶሎ የማይመልሱ ሰው ናቸው። ሽማግሌ ላክሁባቸው። በመጀመሪያው ቀን «እንምከርበት» ብለው መለሷቸው። ይህ ደንብ ነው፤ ሽማግሌ በመጀመሪያው ቀን እሺ ከተባለ ራሱ ይደነግጣል። በሁለተኛው ቀን ግን «እኔ እሺ ብል ምን ይረባል? ልጅቱ ቃሏን አልሰጠችኝም» አሉ።

እውነታቸውን ነው። ስመኝን ጠርተው «ትፈልጊዋለሽ?» ሲሏት አንገቷን ትደፋና «አባቴ እንዳሉ» ትላለች። በፋርማሲው መስኮት ስንቱን ደንበኛ በጥያቄ የምታፋጥጥ ልጅ፣ አባቷ ፊት ስትቆም ምላሷ ይታሰራል። «እፈልገዋለሁ ብዬ ላባቴ እንዴት አወጣዋለሁ? አፈር ልብላ!» አለችኝ በስልክ። የኔታ በበኩላቸው «'እንዳሉ' መልስ አይደለም» ይላሉ። በዚህ መሀል አክስቷ ከባሕር ዳር ሌላ ሽማግሌ ላስመጣ ብላ ተነሳች። ሰውዬው ባለ ፎቅ ነው አሉ። የኔታም «እንግዲያው የፊተኞቹ እሁድ ይምጡና ቁርጣቸውን ይወቁ፤ ካልሆነ ደጄን ለኋለኞቹ እከፍታለሁ» ብለው ላኩብን።

እንቅልፍ አጣሁ። ከባለ ፎቅ ጋር የሚወዳደር የፊዚክስ መምህር የት አለ?

እዚህ ላይ ነው መኪናው የሚመጣው። ደሳለኝ የታላቅ እህቴ የእትዬ ዘነበች ባል ነው፤ አዲስ አበባ ይነግዳል። ለጥምቀት ደብረ ማርቆስ ሲመጡ አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና ይዘው መጡ። ጥቁር ነው፣ ረጅም ነው፣ እንደተወለወለ ጫማ ያብረቀርቃል፣ ድምፅ የሚባል ነገር የለውም። የበሩ እጀታ በሩ ውስጥ ተደብቆ ይኖርና ቁልፍ የያዘ ሰው ሲቀርብ ብቻ ብቅ ይላል። ወንበሩ ጀርባ ያሻል። ከመሪው ኋላ ደግሞ የምስር ፍሬ የምታህል ካሜራ አለችው፤ ሥራዋ መንገዱን ማየት እንዳይመስላችሁ፣ ሹፌሩን ማየት ነው።

«እንቅልፍ ሲይዝህ ታውቃለች» አለኝ ደሳለኝ እየተንጠራራ። «ራስህን ብትስት ደግሞ መኪናው ራሱ ዳር ይዞ ይቆምና ለእኔ በስልኬ መልእክት ይልክልኛል። ሰው አያስፈልገውም!» ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ ትመጣለች።

ደሳለኝ ሽማግሌዎቹን ራሱ ሊወስድልኝ ቃል ገብቶ ነበር። ነገር ግን ቅዳሜ ማታ አንድ ወዳጁ ቤት ጥሬ ሥጋ ተጋበዘና እሁድ ጠዋት ከመጸዳጃ ቤት በቀር የትም የማይሄድ ሰው ሆነ። ቁልፉን በበሩ ቀዳዳ አሾልኮ ሰጠኝና «ቀስ ብለህ ንዳ… ወይኔ ሆዴን!» ብሎ ተመለሰ።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ናቸው። አባ ሞላ የንስሐ አባቴ ናቸው። ጋሼ ተሰማ ጡረታ የወጡ ርእሰ መምህር ናቸው፤ እኔንም አስተምረውኛል፣ እስካሁንም ክፍል ውስጥ ያለን ይመስላቸዋል። አያ ይግዛው አጎቴ ነው፣ ገበሬ፤ በጨዋታ የሚስተካከለው የለም። ሦስቱም አስቀድሰው፣ ነጭ በነጭ ለብሰው መኪናውን ከበው ቆመዋል። አያ ይግዛው በሩን በመዳፉ እየዳበሰ እጀታ ይፈልጋል። እኔ ቁልፉን ይዤ ጠጋ ስል እጀታው ብቅ ሲልበት «በስመ አብ!» ብሎ ወደ ኋላው ዘለለ።

«በሚኒባስ እንሂድ፤ እኔም ልቅር» አልኳቸው። ሚስት የሚጠይቅ ሰው ከሽማግሌዎቹ ጋር አብሮ አይሄድም። ነውር ነው። በተለይ የኔታን በመሰለ ሰው ደጅ ከታየ፣ ልመናው ያኔውኑ አበቃለት ማለት ነው።

«የምን ሚኒባስ?» አለ አያ ይግዛው፣ እስከዚያ ድረስ ገብቶ ተመቻችቷል። «ከዚህ ወንበር የሚያስነሳኝ ሞት ብቻ ነው።»

ጋሼ ተሰማ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ወጉ እንዳይፈርስ አንተ ሹፌር ነህ። እዚያ ስንደርስ ከመኪና አትወርድም። አትታይም። ስልክህንም ታጠፋለህ፤ ስንለምን እየጮኸ እንዳያሳፍረን።»

«እሺ ጋሼ» አልኩና ስልኬን አጠፋሁ። ተማሪያቸው አይደለሁ?

ፊዚክስ አስተማሪ መሆኔን ነግሬያችኋለሁ። ስለ ፍጥነትና ስለ ሰበቃ ብትጠይቁኝ ሰሌዳ ሙሉ እጽፍላችኋለሁ። ሰሌዳ ላይ ያለ መኪና ግን ፍሬን እንኳን የለውም፤ ከነጥብ ሀ ወደ ነጥብ ለ ይሄዳል፣ አለቀ። ይኸኛውን ግን እንደ እንቁላል ይዤ ቀስ ብዬ አወጣሁት። የከተማው መጨረሻ ስንደርስ አባ ሞላ «መቼ ነው የምታስነሳው?» አሉኝ።

«ተነስተናል እኮ አባ፤ ከማርቆስ ወጣን።»

በመስኮቱ ወደ ውጭ አዩና «ሳይነሳ የሄደ!» አሉ።

እስከዚህ ደኅና ነበር። ጥር ነው፤ ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ በመንገዱ ግራና ቀኝ የጤፍ ጭድ ተከምሯል፣ ሽማግሌዎቹ ጀርባቸው እየታሸ በደስታ ያቃስታሉ። ነገር ግን ጎጃም ውስጥ ነን። ጎጃም ውስጥ ደግሞ አንዱ ቤተ ክርስቲያን ሳይሰወር ሌላው ከዛፎቹ መሀል ብቅ ይላል። የመጀመሪያው ጊዮርጊስ ነበር። አራታችንም እንደ ልማዳችን አማተብን፣ አንገታችንን ዝቅ አድርገን ተሳለምን። እኔ በአንድ እጄ መሪውን እንደያዝኩ ነው።

ጢን አለ መኪናው። ቀና ስል ፊቴ ያለው መስታወት ላይ እንፋሎት የሚወጣው የስኒ ሥዕል መጥቷል።

«ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?» አለ አያ ይግዛው ከኋላ አንገቱን አስግጎ።

«እንጃ አያ። ቡና ነው መሰለኝ።»

«እንዴ፣ መኪናው ቡና አማረው?»

ሳቅንና አለፍን። ቀጥሎ ሚካኤል መጣ። ተሳለምን። አሁን ስኒው ሁለት ጊዜ ብልጭ አለና አንዲት ሴት በቻይንኛ ተቆጣች። ደሳለኝ ቋንቋውን መቀየር ገና አልቻለበትም ነበር። አባ ሞላ ደነገጡ። «ማን ናት?»

«መኪናው ነው አባ።»

«ምን ትላለች?»

«እንጃ። ብቻ ደስ አላላትም።»

ሦስተኛው ማርያም ነበረች። ጎንበስ ስል ወንበሬ እንደ ወፍጮ ተንቀጠቀጠ፣ ቀዝቃዛ ነፋስ ፊቴ ላይ ተለቀቀ፣ በአጠገቤ ያለው መስኮት ሳልነካው ወረደ፤ ሴትዮዋ አሁን አልተቆጣችም፣ ጮኸች። ወዲያው መኪናው ፍጥነቱን ቀነሰ፣ መብራቱን ግራ ቀኝ እያበላጨ ዳር ያዘና ጸጥ ብሎ ቆመ። የቆመው ልክ ከቤተ ክርስቲያኒቱ ደጃፍ ፊት ለፊት ነው።

አባ ሞላ ቀስ ብለው ወረዱ፣ ደጃፉን ተሳልመው ተመለሱና «ይኸ መኪና ከሰው ይሻላል» አሉ። እኔ ግን ያን ጊዜ የምስሯን ፍሬ አየኋት፤ እሷም ታየኛለች። ደሳለኝ ያለኝ ትዝ አለኝ፤ ስኒውም ለካ «ቡና ጠጥተህ ንቃ» ማለቱ ነው። መኪናው እየተሳለምን መሆናችን አልገባውም። በየቤተ ክርስቲያኑ ደጅ የሚያንቀላፋ ሹፌር ይዞ የሚሄድ ነው የመሰለው።

ነገሩን ለሽማግሌዎቹ አስረዳሁ። «ስለዚህ ከአሁን በኋላ እኔ ሳልሳለም ልለፍ፤ በልቤ እሳለማለሁ» አልኩ።

ቀጥሎ መድኃኔ ዓለም መጣ። ሦስቱ ተሳለሙ፣ እኔ እንደ ፍየል ዓይኔን አፍጥጬ ቀጥ ብዬ አለፍኩ። መኪናው ደስ አለው፤ አያ ይግዛው ግን አልወደደውም።

«እኔስ ይኸ ነገር አላማረኝም» አለ። «የኔታ አሁን 'ልጁ እግዚአብሔርን ይፈራል ወይ?' ብለው ይጠይቁኛል። ምን ልበል? መድኃኔ ዓለምን አይቶ እንዳላየ ሲያልፍ በዓይኔ አየሁት ልበል?»

«አያ፣ ስሳለም እኮ ይቆማል! ከረፈደ ደግሞ የኔታ ቤታቸውን ለባለ ፎቁ ሽማግሌ ይከፍታሉ።»

«እኔ ለጋብቻ ብዬ በሐሰት አልመሰክርም» አሉ ጋሼ ተሰማም።

እስኪ ፍረዱኝ። ብሳለም መኪናው ይቆምብኛል፤ ባልሳለም ምስክር አጣለሁ። በመሀል ቤት ስመኝ ባለ ፎቅ ልታገባብኝ ነው። የአንድ ሰው ዕድል በአንዲት ምስር ላይ ይንጠለጠላል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ያወጡኝ አባ ሞላ ናቸው። «የንስሐ አባቱ አይደለሁም? ኃጢአቱን ከተሸከምኩ ስግደቱ ያቅተኛል? አንተ መሪህን ይዘህ ንዳ፤ እኔ አንድ ለራሴ አንድ ስላንተ እሳለማለሁ።»

«ነገ ሰርጉንም እርስዎ ይደግሱለታ!» አለ አያ ይግዛው፤ ነገር ግን ተስማማ። አምበር ደረስን፣ አምበርንም አለፍን፣ ከአስፋልቱ ወርደን የጠጠሩን መንገድ ተያያዝነው። አባ ሞላ ቤተ ክርስቲያን ባየን ቁጥር እጥፍ ድርብ እየተሳለሙ ወገባቸው ደከመ። በእያንዳንዱ ላይም «ይኸኛው ያንተ ነው» ይሉኛል፤ እኔም «ይቀበልልኝ» እላለሁ።

በመጨረሻ የየኔታ መንደር ቤተ ክርስቲያን መጣች፤ ኪዳነ ምሕረት ናት። መንገዱ በደጃፏ ነው የሚያልፈው። ስመኝ ክርስትና የተነሳችባት ናት፤ ከዛፎቹ በታች የየኔታ ቆርቆሮ ቤት ጢሱ ይታያል። እዚያ ስደርስ ምስሩንም አባ ሞላንም ረሳኋቸው። መኪናው እንዲያዘግም አድርጌ ዓይኔን ጨፈንኩና አንገቴን ደፋሁ። «እመቤቴ፣ ሌላ ምንም አልለምንሽም፤ እሷን ብቻ» አልኩ። ከልቤ ነበር። ቀና ስል መኪናው ቆሟል፣ መብራቱ ይበላጫል፣ ስኒው መስታወቱን ሞልቶታል፣ ሴትዮዋ ደግሞ ተስፋ የቆረጠች ይመስል በለሆሳስ ታወራለች።

«እዚሁ ይሁንልን» አሉ ጋሼ ተሰማ። «ከዚህ በእግራችን እንወርዳለን። አንተ ተሸሸግ።»

አያ ይግዛው ትርፍ ጋቢውን ወረወረልኝ። «ተከናነብ። የሰንበቴ ሰው ሲወጣ እንዳያይህ፤ ይኼ አገር ወሬው ከሰው ይቀድማል።»

ሽማግሌዎቹ ወረዱ። እኔ አንድ ቁልፍ ስጫን ወንበሩ ወደ ኋላ ተንጋሎ አልጋ ሆነ። ጋቢውን ከራሴ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ሸፈንኩና ጋደም አልኩ። ልቤ የኔታ ደጅ ነው ያለው። ትንሽ እንደቆየሁ መኪናው ጡሩምባውን አንዴ ነፋ፤ ዝም አለ፤ ደገመ። «አንተ ደግሞ የጠረጠርከውን ጠርጥር፤ እኔ ደክሞኛል» አልኩት በጋቢው ውስጥ።

ያላሰብኩት ነገር ይህ ነበር፤ ምስሯ ካሜራ ጠዋት ሙሉ ሲያንቀላፋ ያየችው ሹፌር፣ አሁን ወደ ኋላው ተዘርሮ ፊቱ ጠፋባት። መቼስ መኪና አይፈረድበትም፤ ለደሳለኝ መልእክት ላከ። ደሳለኝ ከመጸዳጃ ቤት ሆኖ «ሹፌሩ ራሱን ስቷል» የሚለውን መኪናው ከቆመበት ቦታ ጋር አነበበና ጮኸ። እትዬ ዘነበች ደወለችልኝ፤ ስልኬ ዝግ ነው። ከዚያ ወዲያ የምትደውለው ለማን ነው? ለስመኝ ነዋ።

እኔ ግን ይህን ሁሉ አላወቅሁም። የማውቀው የሰንበቴ ሰው ተበትኖ ወደ መኪናው ሲጎርፍ መስማቴን ነው።

«የማን ሬሳ ነው?» አለች አንዲት ሴት።

ሬሳ የት አለ ብዬ በጋቢው ውስጥ ጆሮዬን አቆምኩ። ለካስ እኔ ነኝ።

«ከማርቆስ የመጣ ነው፤ መብራቱን አታይም?» አለ አንድ ወንድ።

«በዚህ መኪና የሚጫነው ትልቅ ሰው መሆን አለበት።»

«እኔስ እግሩን ሳየው ገና ልጅ ነው። ጫማው አዲስ ነው።»

«ኧረ ከነጫማው ነው እንዴ የሚቀብሩት?»

«ደወል ይደወል እንዴ?»

«የማን እንደሆነ ሳይታወቅ አይደወልም። እስኪ በሩን ክፈቱና ፊቱን እንይ።»

እጃቸው በሩን ላይና ታች ሲዳብስ ይሰማኛል፤ ደግነቱ ከውስጥ ቆልፌዋለሁና እጀታው ተደብቋል። «እጀታ የለውም!» አለ አንዱ። «የሬሳ መኪና ነዋ፤ ከገቡ ወዲያ ማን ይወጣል?» አለው ሌላው። ሴትዮዋ «ነፍስ ይማር፣ እናቱን ያጥናት» አለች፤ ሌሎችም ተቀበሏት። ብነሳ፣ ሽማግሌ ልኮ ራሱም የመጣው ሰው ተብሎ ወሬው ከእኔ ቀድሞ የኔታ ጓሮ ይደርሳል። ብተኛ ደግሞ የምቀበር ነኝ። እንዲህ ስመዝን አፍንጫዬን ያሳክከኝ ጀመር። ሬሳ መሆን እንደሆነ ለካ ከባድ ሥራ አይደለም፤ አፍንጫ እስካላሳከከ ድረስ ማለቴ ነው።

በዚያችው ሰዓት የኔታ ግቢ የሆነውን የነገረኝ አያ ይግዛው ነው። ሽማግሌዎቹ እንደ ደንቡ ቆመዋል። የኔታ «ተቀመጡ» ይላሉ፤ እነሱ «ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም» ይላሉ። የኔታ ስመኝን እንደገና ጠርተው ጠይቀዋታል፤ እሷም እንደገና አንገቷን ደፍታ «አባቴ እንዳሉ» ብላ ሽንኩርቷን ልትከትፍ ተመልሳለች። የኔታ በረዥሙ ተንፍሰው «እንግዲህ ወንድሞቼ፣ ቁርጡን ልንገራችሁ…» ብለው ሲጀምሩ ከጓዳ ጩኸት ተሰማ። ስመኝ ስልኳን እንደያዘች፣ በባዶ እግሯ፣ በሽማግሌዎቹ መሀል ሰንጥቃ ወጣች።

«ወዴት ነው?» አሉ የኔታ።

«ተዉኝ አባዬ! የኔው ሰው ነው! የኔው ሰው ወደቀ!» አለችና ዳገቱን ሽቅብ ሮጠች።

ድምጿን እኔ በጋቢው ውስጥ ሰማሁት። «ወይኔ! የኔ ነው! ልቀቁኝ!» እያለች መስታወቱን በሁለት እጇ ትደበድባለች። «ውይ እቴን፣ ባሏ ኖሯል» አለች ያቺ ሴት። ወገኖቼ፣ እንዲህ የሚለቀስለት ሰው ከዚያ በኋላ ሞቶ መቆየት ይችላል? ጋቢውን ገፍፌ ቁጭ አልኩ።

እልል ያለም አለ፣ የሸሸም አለ። አንድ ሽማግሌ ዱላቸውን ጥለው ወደ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ገቡ። እኔ በሩን ስከፍት ስመኝ መጀመሪያ ደረቴን በቡጢ መታችኝ፣ ከዚያ እዚያው ደረቴ ላይ አለቀሰች። እጇ ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል። ያን ያህል ደስ ያለኝ ቀን የለም፤ ያን ያህል ያፈርኩበትም የለም።

የኔታ ሦስቱን ሽማግሌዎች አስከትለው ደረሱ። ሰው መንገድ ለቀቀላቸው። እኔን ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ።

«ማን ነው ይኸ?»

«ሹፌሩ ነው የኔታ» አለ አያ ይግዛው ፈጠን ብሎ።

«ሹፌሩ ነው ሬሳው?»

እጅ ነሥቼ ሁሉንም ተናገርኩ፤ ስለ ምስሯ፣ ስለ ስኒው፣ ስለ ቻይናይቱ፣ አባ ሞላ ስለኔ መሳለማቸውን ሳይቀር። የኔታ መኪናውን ቀስ ብለው ዞሩት፤ ጎንበስ ብለውም ካሜራዋን አዩዋት።

«ስትሳለም 'ተኛ' ይላል?»

«አዎን የኔታ።»

«ስትጋደም ደግሞ 'ወደቀ' ይላል?»

«አዎን።»

«አንገት መድፋትን ያያል፤ ውስጡን ግን አያውቅም ማለት ነው።» ከካሜራዋ ቀና አሉ። «እኔስ ከዚህ በምን ተሻልኩ? ልጄ ስንት ጊዜ ፊቴ አንገቷን ደፋች፤ እፍረቱ ይሁን እንቢታው ሳልለየው ሦስት ጊዜ ሽማግሌ አቆምኩ።» ከዚያ ወደ እሷ ዞሩ። «ስመኝ፣ ያለቀስሽው ለማን ነው?»

ስመኝ ከአጠገቤ ፈንጠር አለች። አንገቷን ደፋች። «ሽንኩርት ነው አባዬ» አለች።

የኔታ ሲስቁ ያን ቀን ነው ያየሁት። «ለሽንኩርት ብሎ በባዶ እግሩ ዳገት የሚወጣ ሰው አላየሁም» አሉና ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ። «በሉ ግቡ፤ አሁንስ ተቀመጡ።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ጋሼ ተሰማ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። እኔም ልከተል ስል የኔታ በመቋሚያቸው ከለከሉኝ። «አንተ የት? ወግ አይፈርስም። እዚያው መኪናህ ውስጥ ቆይ። ብቻ አትከናነብ፤ ይኼን ሕዝብ ደግመህ አታስለቅስ።»

እነሱ ሲበሉና ሲጠጡ እኔ መኪና ውስጥ ቀጥ ብዬ ተቀምጬ ዋልኩ። ያቺ ነፍስ ይማር ያለችልኝ ሴት ዳቦና ጠላ ይዛልኝ መጣች፤ እየበላሁ ሳለ አንድ ሁለቴ ክንዴን ነካ ነካ አድርጋኛለች። ስልኬን ከፍቼ እትዬ ዘነበችን አረጋጋሁ። የደሳለኝን ስድብ ግን እዚህ አልጽፈውም።

ወደ ማታ ስንመለስ ሽማግሌዎቹ ጠግበው፣ ጀርባቸውን እያሳሹ ጸጥ ብለዋል። ከኪዳነ ምሕረት ደጅ ገና ስንነሳ ማንም ማንንም ሳይጠይቅ አራታችንም ጎንበስ አልን። እኔ ከሁሉም ዘግይቼ ነው ቀና ያልኩት። ወንበሩ ተንቀጠቀጠ፣ ነፋሱ መጣ፣ ሴትዮዋ ጮኸች፣ መኪናው መብራቱን እያበላጨ ዳር ይይዝ ጀመር። ነዳጁን፣ ማለቴ መርገጫውን፣ ልጫነው እግሬን ሳነሳ አያ ይግዛው ከኋላ ትከሻዬን ያዘኝ።

«ተወው ልጄ፣ ይቁም» አለኝ። «ዛሬ ከዚህ ወዲያ የት ልንደርስ ነው?»